መልስ፦ አሉሚኒየም ፒስተን ጠዋት ለምን ያንኳኳል?
ወንድሜ፣ «የ1920ዎቹ ቅንጡ መኪኖች አሉሚኒየም ፒስተን ሲገባላቸው ጠዋት ለምን ያንኳኳሉ? እንዴትስ ይፈተናል?» ላልከው፣ ነገሩ በፒስተኑ (በሞተሩ ሲሊንደር፣ ማለትም ቱቦ ውስጥ በሚመላለሰው ክፍል) እና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለ ክፍተት ጉዳይ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ፒስተኑ ሲሞቅ ሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ሲባል ቀዝቃዛ ሳለ ላላ ይላል። ያኔ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይላተማል። በጸጥታው ለሚታወቅ እንደ ሮልስ ሮይስ ላለ መኪና ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው።

መፍትሔው ግን ደስ ይላል! የፒስተኑን ጎን ሰንጥቀው እንዲተጣጠፍ አደረጉት። ሌሎች ደግሞ ውስጡ ኢንቫር ቀበሩበት፤ 36 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበት፣ ሙቀት እምብዛም የማያሰፋው ብረት ነው። በዚህ ክፍተቱን ማጥበብ ተቻለ።

ስትፈትን ሌሊቱን ያደረ ሞተር አስነሳና አዳምጥ። አጥፍተህ የአንዱን ሲሊንደር ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ከሥራ ውጪ አድርግና ድገም። ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ጋ ነው። ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑን ጠርጥር።