ዶፍ ሲጥል ምንጩ ለምን ይደፈርሳል? ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ስለ ምንጭ ውሃ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዛሬ ከሰሜን ሸዋ የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀማ ሸለቆ ነው። በጋውን ኩልል ብሎ የሚወርደው ምንጫችን ሌሊት ዶፍ ከጣለ ጠዋት ጭቃ ይሆናል። ምን ሆኖ ነው?

ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው። በጀማ ገደል ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የሚታየው ነጣ ያለ ንብር የኖራ ድንጋይ ነው። ለሚ ላይ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው ዓይነት ማለት ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይሄ አሲድ የድንጋዩን ስንጥቅ በብዙ ሺህ ዓመታት እየበላ ያሰፋዋል፤ ቦይ ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ዋሻ። አሸዋ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ በዝግታ እየተጣራ ይሄዳል። እናንተ ጋ ግን ጎርፉ ከላይ በቀዳዳ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ምንጩ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፣ የማሳውን አፈር እንደያዘ። በዚያ ላይ ጉልበት ያገኘው ውሃ በጋውን ቦዩ ውስጥ ተኝቶ የከረመውን ደለል ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ሆኖ ቆይቶ ይጠራል። ይሄስ?

አጠራሩን ተመልከቺ። ከታች ወደ ላይ ከጠራ አየር ነው፤ አያሳስብም። ከላይ እየጠራ ታች ዝቃጭ ከተኛ አፈር ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ «አፈር አይገድልም» ይላሉ። እንጠጣው?

አባት እውነት አላቸው፤ አፈሩ ብቻውን አይገድልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ አብሮት የሚመጣው ነው። አፈሩን ያመጣው ጎርፍ የከብቱን እበትና ሜዳ ላይ የተጸዳዱበትንም ጠርጎ ነው የገባው። ልጆች የሚታመሙት በዚህ ነው። ስለዚህ ውሃውን አስቀምጡት፤ ሲዘቅጥ የላዩን በንጹህ ነጠላ አጥልሉትና አፍሉት። ደጋ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የምትጠቀሙም መጀመሪያ አጥልሉ፤ ጭቃው የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ምንጩን በሲሚንቶ አጎልብተነዋል፣ አጥርም አለው። አሁንም የሚደፈርሰው ለምንድን ነው?

ግንባታው የሚከላከለው ምንጩ አፍ ላይ የሚገባውን ነው። የእናንተ ጭቃ የሚገባው ከላይ፣ ምናልባት ከሩቅ ነው። ዝናብ ሲጥል ከኮሚቴው ጋር ተራራውን ውጡ፤ ጎርፍ መሬት ውስጥ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉ። ስታገኙት ዙሪያውን አጥሩ፤ ጎርፉን በቦይ ቀልብሱት፤ ሳርና ቁጥቋጦ ይብቀልበት። መጸዳጃ ቤትም፣ የሞተ ከብት መጣያም አጠገቡ አይሁን።