ጂን ሲደገም የፈጣሪ እጅ የት ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ጎንደር ሥነ ሕይወት የምማር ተማሪ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሕፃናትን አስነብባለሁ። ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የአካል መመሪያ፣ በስሕተት እየተደገመ፣ ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖች የተሰደሩበት ክር፣ እየተቆረጠና እየተቀጠለ፣ ተፈጥሯዊ ምርጫም እያበጠረው ፍጥረት ይለወጣል ተብለን ተማርን። ፈተና ላይም እንደተማርኩት ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖቴን የካድኩ እየመሰለኝ ለቁርባን መቅረብ ፈርቻለሁ። ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። አስቀድሜ ፍርሃትሽን ላንሣልሽ፦ የተማርሽውን ጠይቀውሽ መመለስሽ ክሕደት አይደለም። ንስሐ ለኃጢአት ነው፤ ማወቅ ኃጢአት አይደለም።

ልጅ ሳለሁ አብሮኝ ንባብ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። በብራና መጻሕፍታችን የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። ያ ልጅ ቀዩን ከጥቁሩ አይለይም ነበር። «ቀዩን አሳየኝ» ሲባል ጣቱ ገጹ ላይ ይንከራተትና ጥቁሩ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ያስተማረን ሰው «ለስሙ ክብር የለህም» እያለ በአርጩሜ ይገርፈው ነበር፤ እኛም እንስቅበት ነበር። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ነገሩ ዛሬም ያመኛል።

ምክንያቱን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዓይናችን ውስጥ ቀዩንና አረንጓዴውን የምንለይባቸው ሁለት ጂኖች አሉ። ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እጅግም ይመሳሰላሉ፤ በጥንት አንድ የነበረው ተደግሞ ነዋ ሁለት የሆኑት! ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ዓይኑ ወደ ላይ ይመለስና አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይጽፈው የለ? እንደዚያ ማለት ነው። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ ፊደሉ ሲበላሽ ንባቡ ይጠፋል። ሁለት ከሆነ ግን አንዱ የድሮውን ሥራ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ለመለወጥ ነጻ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ ይቀራል፤ አንዳንዴ ግን አዲስ ሥራ ያገኛል። ይህን ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. አስፍቶ ያስተማረው ሱሱሙ ኦህኖ የተባለ ተመራማሪ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ቀና ስትዪ የሥዕሉን ቀይ ከአረንጓዴው የምትለዪው በዚያ ድግም ነው።

መመሳሰላቸው ግን መዘዝም አለው። በሴት አካል ውስጥ እንቁላል ሲዘጋጅ ሁለቱ ኤክሶች ተጣምረው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በዚያ ጊዜ መንትያዎቹ ጂኖች ከተምታቱ የቀዩ መጀመሪያ ከአረንጓዴው መጨረሻ ጋር ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ክሮሞሶም ከእናቱ የወረሰ ወንድ ልጅ የሚያግዘው ሌላ ኤክስ ስለሌለው ቀዩ ወደ ጥቁር ያደላበታል። እንግዲህ ጓደኛዬ በአያት በቅድመ አያት ዘመን ስለተምታታ ጂን ነበር ሲገረፍ የኖረው። ይህን የሚገልጥ ትምህርት የእግዚአብሔር ጠላት ነው ብዬ እንዴት ልንገርሽ?

የክሮሞሶም መቆረጥም ሩቅ አገር አይደለም። ከደባርቅ አልፈሽ ስሜን ላይ የምታዪያቸው ጭላዳ ዝንጀሮዎች 44 ክሮሞሶም አላቸው፤ የመካከለኛው ኢትዮጵያዎቹ 42። ጂኖማቸው፣ ማለትም የውርሳቸው ሙሉ ንባብ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲታተም ልዩነቱ ሰባተኛው ክሮሞሶም ለሁለት በመከፈሉ እንደመጣ ታወቀ።

«ተፈጥሯዊ ምርጫ» የሚለው ቃል ግን ሳያስደነግጥሽ አልቀረም፤ የሚመርጥ ሌላ አምላክ ያለ ያስመስላልና። ነገሩ ይህ ነው፦ ለሚኖርበት ስፍራ የሚስማማ ለውጥ ያገኘ ፍጥረት ብዙ ልጆች ያደርሳል፤ ልጆቹም ይወርሱታል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ ለውጡ በወገኑ ሁሉ ይገኛል። ገበሬ ዘር ሲመርጥ ያስባል፤ ይህ ግን አሳቢ አይደለም። ቃሉን እንደ ቅኔ ቤት እንፍታው። «ተፈጥሮ» በግእዝ መፈጠር ነው፤ ተገብሮ ነው። እንግዲህ «ተፈጥሮ መረጠች» ሲባል ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ፈጣሪዋስ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሳይንስ እንዴት እንደሆነ ሊናገር ተነሣ እንጂ ለዚህ ሊመልስ አልተነሣም። አንቺ ግን በጸሎተ ሃይማኖት «ገባሬ ሰማያት ወምድር» ብለሽ ትጠሪዋለሽ። በዘፍጥረትም እግዚአብሔር ምድርን «ታውጣ» ብሎ አዘዛት፤ እንድታወጣ ኃይል የሰጣት እርሱ ከሆነ፣ ምን ያህል ዘመን ወስዳ በምን መንገድ እንዳወጣች መመርመር እርሱን መሻር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብድሽ የአዳም ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። የሰው ክሮሞሶም 46፣ የቺምፓንዚ 48 ነው፤ የእኛ ሁለተኛው ክሮሞሶም የሁለት ክሮሞሶሞች መጋጠሚያ ምልክት በመካከሉ ይዟል። ሰውና ቺምፓንዚ በጥንት ከአንድ ወገን ለመምጣታቸው ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ አላቃልለውም፤ አንቺም ለሃይማኖት ብለሽ አትካጂው። ሃይማኖት ሐሰት አይሻም። አባቶች ሰውን በሰባት ባሕርያት ያስተምሩታል፦ አራቱ የሥጋ፣ ሦስቱ የነፍስ። የምትማሪው ስለ አራቱ ነው። ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት የሆነችውን ነፍስ ግን ማንም በላቦራቶሪ አልቆጠራትም። አዳም ከምድር አፈር ተበጀ፤ የሕይወት እስትንፋስም ተሰጠው፤ ይህን አምናለሁ፣ አስተምራለሁ። ከመምህራንሽ አንዱ ከዚህ አልፎ «ስለዚህ እግዚአብሔር የለም» ቢልሽ፣ ያ ከጂን የተነበበ ሳይሆን የራሱ እምነት ነው፤ ያን ፈተና ላይ እንድትጽፊ ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም።

ስለ ቁርባኑ፦ እሑድ በቤተ ልሔም ዲያቆኑ የሚያቦካው ስንዴ የዳቦ ስንዴ ከሆነ 42 ክሮሞሶም አለው፤ እርሻ ከተጀመረ በኋላ የሦስት የሣር ወገኖች ጂኖም ተደራርቦ የተገኘ ነው። ያ ስንዴ ነው በመንበሩ ላይ ሥጋ ወደሙ የሚሆነው። ስለዚህ ፍርሃትሽን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ፣ ጾምሽን ጠብቀሽ፣ ቅረቢ።

ከምታስነብቢያቸው ሕፃናት መካከል ቀዩን የማይለይ ካገኘሽ ደግሞ አትቆጪው፤ ስሙ ካለበት ላይ ጣትሽን አኑሪለት።