አንድ ቤት ሆነን እሱ ለምን ባሰበት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኮሮናው ጊዜ አዘዞ እናንተ ቤት አምስታችሁንም ያዛችሁ፤ አንቺን ለሦስት ቀን አፍንጫሽን አፍኖ ሲተውሽ ታላቅ ወንድምሽ ኦክስጅን ላይ ደረሰ። እናትሽ «የአባቱ ወገን ደም ነው፣ እነሱን ጉንፋንም ይጥላቸዋል» አሉ። አንቺ ደግሞ ነገሩ በዘር የሚመጣ ከሆነ ልጆቼን ላስመርምር ወይ ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ጎንደር ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፣ በ2013 የኮሮና ክፍል ነበርኩ፣ ያው ነገር በራሴ ቤትም ደርሷል። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምብሽ ታገሺኝ።

ዘር የለበትም የሚልሽ ካለ አትስሚው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ሌሊት ሌባ እንደገባበት ሰው ኡኡ ብሎ ጎረቤት መጥራት ነው። የኡኡታው ስም ኢንተርፌሮን ይባላል። ጎረቤት ሕዋሳት ሲሰሙ በራቸውን ይቀረቅራሉ፣ ሰውነትም ጦሩን እስኪያሰልፍ ጊዜ ያገኛል። አንዳንድ ሰው ግን ኡኡታው የሚሠራበት ዘረመል ላይ ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ የታመሙ 659 ሰዎች ዘረመላቸው ሲታይ 23ቱ ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ተገኘ። በዚያው ዓመት ደግሞ እንዲሁ የባሰባቸው 987 ሰዎች ደም ሲመረመር፣ 101ዱ የገዛ ራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው፤ ከእነሱም 95ቱ ወንዶች። ክፍላችን ውስጥ አልጋው ለምን በወንድ እንደሚሞላ ሁልጊዜ ይገርመን ነበር። ሲጋራው ነው፣ ጫቱ ነው እንባባል ነበር። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፣ ግን ይህን ሳነብ ብዙዎቹ ፊታቸው መጣብኝ።

ወንድማማቾችን በተመለከተ በጣም የቆየብኝ የሆላንዱ ነው። ከሁለት ቤተሰብ ሁለት ሁለት ወንድማማቾች፣ አራቱም ከ35 ዓመት በታች፣ ቀድሞ ምንም ሕመም የሌለባቸው፣ ሁሉም የመተንፈሻ ማሽን ላይ ገቡ፤ አንዱ ሞተ። ሲመረመሩ ቲኤልአር7 የሚባለው ዘረመል ተበላሽቶባቸዋል። ይህ ዘረመል ኤክስ ክሮሞዞም (ዘረመል ከሚደረደርባቸው ክሮች አንዱ) ላይ ስላለ ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። (ይህችን ለእናትሽ አትንገሪያቸው፤ የአባት ወገን ደም ብለው ጨርሰዋል።)

ደም የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ደም ስንል አንድ ምንጭ፣ ሁሉም እኩል የሚጠጣው ይመስለናል። አንቺና ወንድምሽ ከአንድ አባትና እናት ብትወለዱም እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁ የየራሳችሁ ዕጣ ነው። ሕዋሳት የቫይረሱን ቁራጭ ለመከላከያው የሚያሳዩበት ኤችኤልኤ የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ወንድማማቾች እሱ ላይ ሙሉ ለሙሉ የሚመሳሰሉት ከአራት አንዴ ነው። አንዱ የኤችኤልኤ ዓይነት ኮሮና ይዟቸው ምንም ምልክት ባላሳዩ ሰዎች ላይ በርከት ብሎ ተገኝቷል።

ፌስቡክ ላይ የሚዞረው «ከጥንት ሰው የወረስነው ነው» የሚለው ደግሞ መሠረት አለው፣ ግን ለእኛ አይሆንም። ስቫንቴ ፔቦና ሁጎ ዘበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ክሮሞዞም 3 ላይ ሕመሙን የሚያብስ ከኒያንደርታል የተወረሰ ቁራጭ አገኙ። ደቡብ እስያ ላይ ግማሽ ያህሉ ሰው ይሸከመዋል፤ አፍሪካ ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ የወንድምሽን ጉዳይ እሱ ላይ አትለጥፊው።

ከሁለቱም ወላጅ ሲገጣጠም ብቻ የሚወጣ ጉድለትም አለ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ማጋባታቸው ባለውለታችን ነው፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ነው እንዲህ ያለው ስንጥቅ ይበልጥ የሚገናኘው።

አሁን የእኔን ቤት ልንገርሽ። ያኔ አማቼ 76 ዓመታቸው፣ ታናሽ ወንድሜ 41። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ያዛቸው። ለአማቼ ፈርተን ዝንጅብሉን፣ ፌጦውን በሎሚ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎቱን ሁሉ ደረደርንላቸው፤ እሳቸው በአራተኛው ቀን «ቡና የለም ወይ?» አሉ። ወንድሜ የመተማ መንገድ ሹፌር ነው፣ ጎረምሳ፣ ማንም ልብ አላለውም። በስምንተኛው ቀን ማታ ደረጃ ወጥቶ አልጋ ላይ ቁጭ ሲል ከንፈሩ አላማረኝም። የጣቱን የኦክስጅን መለኪያ አሰርኩለት፤ 83 አለ። ባትሪው ነው ብዬ የራሴ ጣት ላይ አሰርኩት፤ 96። ሐኪም ቤት ስንደርስ ስኳሩ ተለካ፤ 340። ስኳር እንዳለበት እሱም አያውቅ፣ ነርስ ነኝ የምለው እኔም አላውቅ። ለካ ለወራት ውኃ ሲጠማው፣ ሌሊት መኪና እያቆመ ሲወርድ ሰንብቷል። እኛ ግን በዚያ ሳምንት ሁሉ «የእናታችን ወገን ሳንባ» እያልን ነበር።

ቫይረሱ የያዛችሁ አኳኋንም እኩል አይደለም። በሽተኛውን ማን ነው ሌሊት ሲያስታምም ያደረው? ማን መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ተኛ? ብዙ ቫይረስ አንዴ የቀመሰና ትንሽ የነካው ሰው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዕድሜና ክብደትም አለ። የጉበቱን ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢን ብትወስጂ፣ ሕፃን ሆኖ የያዘው ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ አዋቂ ሆኖ የያዘው ግን ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ያው ቫይረስ፣ ያው ሰው፣ የተለየው የያዘበት ዕድሜ።

ስለ ልጆችሽ፦ ጤነኛ ሆነው እያደጉ ከሆነ የዘረመል ምርመራ ፍለጋ ገንዘብሽን አታባክኚ። እኔ ለሐኪም ንገሪ የምልሽ፣ ቤተሰባችሁ ውስጥ ሕፃን ልጅ በተራ ጉንፋን ወይም በኩፍኝ ሞት አፋፍ የደረሰ ካለ፣ ወይም የከንፈር ምች የሚያመጣው ቫይረስ ወደ አንጎሉ የወጣበት ልጅ ካለ፣ ወይም ወጣት ወንዶች ተከታትለው የተጎዱ ከሆነ ነው። ያኔ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የሞቱትንም የዳኑትንም ከነዕድሜያቸው በወረቀት ጽፈሽ ስጪ፤ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ወንድምሽ ያኔ ሲገባ ስኳሩና ግፊቱ ስንት ነበር? የመውጫ ወረቀቱ ካለ እዩትና እዚሁ ጻፊልኝ። ካልተለካም ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይሂድ።