ቶርኖና ሚሊንግን ያጣመረ ማሽን ልኩን እንዲጠብቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፣ ከጅማ ሂርማታ፦ መምህር፣ ለቡና መፈልፈያ የ25 ሚሊሜትር ዘንግ ስቀርጽ 6205 የተባለው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ በአንድ ጫፉ ይወፍራል። ሄድስቶኩን (ማንድሪኖውን የሚያዞረውን የማሽኑን ራስ) ፈትቼ ላስተካክለው?

መልስ፦ አይፍቱት። አስቀድመው 30 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት በማንድሪኖው (ብረቱን ጨብጦ በሚያዞረው ክፍል) ብቻ፣ ያለ ቴልስቶክ (የብረቱን ሌላ ጫፍ ከሚደግፈው ክፍል ውጭ)፣ 120 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አስወጥተው ይሰሩት፤ ሁለቱን ጫፎች የመቁረጫ ቢላውን ሳይነኩ በስሱ ይላጩና በማይክሮሜትር ይለኩ። የውፍረቱ ልዩነት 0.02 ሚሊሜትር ቢሆን መስመሩ የተዛነፈው በግማሹ፣ በ0.01 ብቻ ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የቤዱ (የማሽኑ ረጅም መሠረት) መጠምዘዝ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቀላል ማሽኖች ባልተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ በቡሎን ሲጠብቁ የጠረጴዛውን ጠማማነት ይወርሳሉና። በሜትር 0.02 ሚሊሜትር ዝንባሌ የሚያሳይ ውሃ ልክ በቤዱ ላይ አግድም፣ በሄድስቶኩና በቴልስቶኩ በኩል በየተራ ያስቀምጡ። የሚፈለገው ሁለቱ ንባቦች እኩል መሆናቸው ነው፤ ዜሮ ባይሆኑም ግድ የለም። እኩል እስኪሆኑ ከእግሩ ሥር ስስ ላሜራ ይጨምሩ። የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ አይበቃም። የኩሽኔታው ቦታ በኬ6 ልክ (ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ እንዲገባ በሚያደርግ የልክ ደረጃ) ከሆነ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የዘንጉ ሙቀት በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.009 ሚሊሜትር ስለሚያብጥ ሳይቀዘቅዝ መለካት ከዚህ ክፍተት ከግማሽ በላዩን ይበላል።

ጠያቂ፣ ከፈረንጅ አራዳ፦ የሚሊንጉን (በሚዞር ቢላ የሚቆርጠውን ክፍል) ጭንቅላት ከፍ ሳደርግ ቀዳዳው ከቦታው ይሸሻል።

መልስ፦ ምሰሶው ክብ ከሆነ ጭንቅላቱን በአቅጣጫው የሚይዘው ነገር የለም። በረጅሙ መሰርሰሪያ ልክ ከፍታውን አስቀድመው ይወስኑ፤ ካንቀሳቀሱት ማዕከሉን በኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) እንደገና ይፈልጉ።

ጠያቂ፦ የትኛውን ማሽን ልግዛ?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ ግዢ አይደለም።

አንድ አባል፦ ፍሬዛው (የሚሊንጉ መቁረጫ) የሚቆረጠውን ብረት ወደ ራሱ እየሳበ ሲቆርጥ ገጹ ይጠራል።

ሌላ አባል፦ እኔ ዘንድ ጠረጴዛውን ጎትቶ ፍሬዛው ተሰብሯል።

የመጀመሪያው አባል፦ ዲጂታል ማሳያ ቢገጠምለት ችግሩ ይወገዳል።

መልስ፦ አይወገድም። ማሳያው ጠረጴዛው ያለበትን ቦታ በትክክል ይናገራል እንጂ በመንጃ ብሎኑና በዳዶው መካከል ያለውን ልቅነት አያጠብቅም። ልቅነት ባለበት ማሽን ፍሬዛው ብረቱን ከሚስብበት በተቃራኒው አቅጣጫ ይቁረጡ፤ የማይንቀሳቀሰውን ማንሸራተቻ ይቆልፉ፤ በእጅ መዞሪያው ልክ ሲሰጡ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይምጡ።

ጠያቂ፦ ማሽኔ ልክ አይሰጥም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስንት? የት ላይ ለክተው? በቶርኖው ነው ወይስ በሚሊንጉ? ያለ ቁጥር ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት አይቻልም።

ጠያቂ፦ በጅማ ክረምት ቤዱ ይዝግብኛል።

መልስ፦ ሥራ ሲያበቁ ብናኙን ጠርገው ዘይት ይቀቡት።

ጠያቂ፦ የእኔም ዘንግ ጫፉ ይወፍራል፤ ሄድስቶኩን ልፍታ?

መልስ፦ አይፍቱ ብያለሁ፤ ለሂርማታው ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። ቤዱ እንደተጠመዘዘ ሄድስቶኩን ቢያስተካክሉ፣ ቤዱ በኋላ የተቃና ዕለት ሄድስቶኩ ተዛንፎ ይገኛል።