ዌብና ዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ የምትጀምሩ ልጆች ኑ ጠይቁኝ

ሰላም የማርቆስ፣ የእንጅባራ፣ የባህር ዳር ልጆች። ዘንድሮ ይሄን ኮርስ የምትወስዱ በውስጥ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። እኔ ኮርሱን ካለፍኩ ቆየሁ፣ አሁን ማርቆስ ለሱቅና ለማህበር ትንንሽ ሲስተም እየሰራሁ ነው እንጀራዬ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ዶርም ደግሞ ኔት የለም። እችላለሁ?

ትችላለህ። ዛምፕን (ሰርቨርና ዳታቤዝ አንድ ላይ የሚጭን ፕሮግራም ነው) ከጓደኛህ በፍላሽ ወስደህ ጫን፣ ሰርቨሩም ዳታቤዙም እዛው ላፕቶፕህ ላይ ስለሚነሳ ሎካልሆስት፣ ማለት የራስህ ላፕቶፕ፣ ኔት አይፈልግም። የሚያስፈራው መብራት ነው፣ ባትሪህ የሞተ ከሆነና መብራት ድርግም ካለ ዳታቤዙ ማለትም ማይኤስኪውኤል በማግስቱ አልነሳም ሊልህ ይችላል። እኔ ፕሮጀክት ላስረክብ ስል ዋዜማውን ጉድ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ ማታ ማታ ዳታቤዙን ኤክስፖርት አድርገህ (ወደ ፋይል አውጥተህ) ፍላሽ ላይ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ የሚሰራው የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ሞቷል ይሉናል ወንድም።

ስንት ዌብሳይት የቆመበት ዎርድፕሬስ በምን እንደተሰራ ጠይቂያቸው እህቴ፣ በፒኤችፒ ነው። ብቻ ዩቲዩብ ላይ ድሮ የተለቀቀ ትምህርት ከማየት ተጠንቀቂ፣ ዳታቤዝ የምንጠይቅባት ማይኤስኪውኤል ኩዌሪ የምትለዋ የድሮ ፈንክሽን ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ተሰርዛለች፣ እሱም በፈረንጅ 2015 የወጣ ነው። በእሷ ፋንታ ፒዲኦን ተማሪ፣ ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኝ ነው።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሁሉን አንድ ቴብል (የዳታ ሰንጠረዥ) ውስጥ የማልከተው?

እሺ የጤፍ ገበሬዎች ማህበር እንበል። አንድ ገበሬ ስድስት ጊዜ ጤፍ ካስረከበ ስሙና ስልኩ ስድስት ቦታ ይጻፋል፣ ስልኩን ሲቀይር አንዷን አርመህ አምስቷን ትረሳለህ፣ ከዛ የቱ ትክክል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ገበሬ የሚል ቴብል ለብቻ፣ ርክክብ የሚል ለብቻ አድርግና ርክክቡ ላይ የገበሬውን አይዲ ብቻ አስገባ፣ ፎረን ኪይ ብለው የሚያስፈራሩህ ይቺው ናት። በነገራችን ላይ ፈረስት ኔም ላስት ኔም ብለህ ኮፒ አታድርግ፣ እኛ ጋ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው።

ጥያቄ፦ አማርኛ ሳስገባ ???? ይሆንብኛል

ኧረ ይሄማ ሁላችንንም ያስለቀሰ ነው። ቴብሉንም ኮኔክሽኑንም (ፒኤችፒ ከዳታቤዙ የሚገናኝበትን) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጊው፣ የኛንም ፊደል የሚይዝ የፊደል ኮድ ነው፣ አንዱን ብቻ ካደረግሽ አይሰራም። አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ ባይት የሚቆጥረው የፒኤችፒ ፈንክሽን ስትርሌን ጎጃም የሚለውን ቃል 9 ነው ይልሻል፣ ፊደል የሚቆጥረው ኤምቢ ስትርሌን ግን 3። ሰርች ላይ ደግሞ ኃይሉ ብለሽ መዝግበሽ ሀይሉ ብለሽ ብትፈልጊ ባዶ ነው የሚመጣው፣ እኔ ሀ ሐ ኀን፣ ሰና ሠን ወደ አንድ የቀየርኩበት ሌላ ኮለም (የቴብሉ አምድ) ለሰርች ብቻ እይዛለሁ።

ጥያቄ፦ በኛ ካላንደር ቀን ላስቀምጥ?

ዴት የሚለው ኮለም ላይ አይሆንም። ጥቅምት 30ን 02-30 ብለህ አስገባና እየው፣ ፌብሯሪ 30 መስሎት አይቀበልህም፣ ጳጉሜማ ጭራሽ 13ኛ ወር አያውቅም። በፈረንጅ አስቀምጥ፣ ሲያሳይ ቀይረህ አሳይ።

ጥያቄ፦ ሎጊን ሰርቼ ጓደኛዬ ያለ ፓስወርድ ገባብኝ!!

ያንተ ጓደኛ ጎበዝ ነው። ዩዘሩ የጻፈውን እንዳለ ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙን የምትጠይቅበት ትእዛዝ) ላይ ለጥፈኸዋል፣ እሱ ነጠላ ጥቅስ ዘግቶ «ኦር 1=1» የሚል ጨመረበት፣ ያ ሁሌ እውነት ስለሆነ ዳታቤዙ ግባ አለው። ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቀም፣ ትእዛዙ ቀድሞ ይሄዳል ዩዘሩ የጻፈው ኋላ እንደ ዳታ ብቻ ይገባል። ፓስወርዱንም በፓስወርድ ሃሽ ፈንክሽን ወደማይመለስ ኮድ ቀይረህ እንጂ እንዳለ አታስቀምጥ። ይሄን ሳያስተካክል ኦንላይን የሚለቅ ልጅ ባላየሁ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ፋይናል ላይ ምን ይወጣል

መምህርህን አላውቀው፣ ጆይን (ሁለት ቴብል አገናኝቶ ማውጣት) ግን አይቀርም። የጤፉን ማህበር መልሰህ አስበው፣ ኢነር ጆይን ካደረግክ ዘንድሮ ምንም ያላስረከበው ገበሬ ከሊስቱ ይጠፋል፣ በሌፍት ጆይን ግን ከነባዶ እጁ ይመጣል።