ሞስፌቱን አትቀይር፣ መጀመሪያ ሽቦህን ፈትሽ

ወንድም፣ ጥያቄህን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ወረኢሉ ሆነህ በ555 ቺፕ የሚሠራ ፐልስ ዲቴክተር፣ ማለት መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ፣ ገጥመሃል። አያትህ ጓሮ ቀብረውታል የሚባለውን ጠገራ ብር ልትፈልግበት ነው። ግን መቆጣጠሪያውን እስከ ጫፍ ካላዞርከው ጩኸቱ አይቆምም፣ ሳንቲም ደግሞ ኮይሉን (የተጠቀለለውን ሽቦ) ሊነካ ካልደረሰ አይሰማውም። አሁን ሞስፌቱን፣ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ከረንት የሚከፍትና የሚቆርጠውን ትራንዚስተር፣ ልቀይር ወይ ትላለህ። ብርህን አታባክን። አብሽር፣ ይህ በሽታ እኔንም ክረምቱን ሙሉ አንገላቶኛል፣ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ።

1. ሽቦው። ከየት እንደገዛኸው አልጻፍክም፣ ግን ሞተር ከሚጠቀልሉ ቤቶች መሆኑ አይቀርም። እኔም ደሴ ካለ አንድ ቤት ነው የገዛሁት። ሰውየው "ዛሬ ነው የተከፈተው" ብሎ በኪሎ መዘነና በአዲስ ዋጋ ሸጠልኝ። የላይኛው ንብርብር ያብረቀርቃል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል፣ በጥፍር ሲቧጨር ቫርኒሹ (ሽቦውን የሚሸፍነው ከረንት የማያሳልፍ ቀለም) እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። ለካ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ሽቦ ላይ አዲስ ደርቦበት ነው። ይዤለት ስመለስ "አንተው ራስህ አቃጥለኸው ነው" ብሎ ደንበኛ ፊት ጮኸብኝ። ብሬንም አልመለሰልኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጉዳቱ ምን መሰለህ? ቫርኒሻቸው የተላጠ ሁለት ዙሮች ከተነካኩ አንዱ ዙር ለብቻው ዝግ ቀለበት ይሆናል። ሞስፌቱ ፐልሱን በቆረጠ ቁጥር ቀለበቱ ውስጥ ከረንት ይዞራል፣ ቶሎም አይጠፋም። ዲቴክተሩ ደግሞ መሬት ውስጥ ብረት መኖሩን የሚያውቀው ብረቱ ውስጥ በሚዞር እንዲህ ያለ ዘግይቶ የሚጠፋ ከረንት ነው። ስለዚህ መሬቱን ትቶ የራሱን ኮይል ሲያዳምጥ ይውላል።

ይህን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) አያሳይህም። አስላው። በ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት 25 ዙር ብትጠቀልል ወደ 16 ሜትር ሽቦ ይፈጃል። ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.4 ኦም ገደማ ያነባል። አንድ ዙር ቢነካካ የሚጎድለው 0.06 ኦም አካባቢ ነው። የቴስተሩ ገመድ ራሱ ከዚያ በላይ አለው! ሻጩም "ቴስተር አንብቦታል፣ ምን ሆነ?" እያለ ሲከራከረኝ የነበረው ይህንን ይዞ ነው።

ሳትጠቀልለው በፊት እንዲህ ፈትሸው። ስፖንጅ ጨው በበዛበት ውሃ ንከር። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ስፖንጁ ላይ ሰካ። የሽቦውን ጫፍ ፍቀህ ሌላውን እዚያ እሰር፣ የተፋቀው ቦታ ግን ውሃ እንዳይነካው። ቴስተሩን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርግና ሽቦውን በስፖንጁ መሀል ቀስ ብለህ ሳበው። ቫርኒሹ ደህና ከሆነ ምንም አያነብም። ድንገት ቁጥር ከመጣ እዚያ ጋ ተልጧል ማለት ነው። አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ የጥፍር ቀለም ቀብተህ፣ አድርቀህ ታልፈዋለህ። ከበዛ ሽቦውን ተወው። ይህን ያሳዩኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ የጨረሱ። አላህ ጤናቸውን ይስጣቸው።

2. አጠቃለሉ። ይሄ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ፕላስቲክ ባልዲ ላይ ጠቅልለህ አውጣው፣ በክር ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ ቫርኒሽ አጠጣው። ዙሮቹ ከላሉ በተራመድክ ቁጥር ይጮኻል። ፎይል ካለበስከው ዙሪያውን እንዳታገናኘው። ጣት የሚያህል ክፍተት ተው፣ አለዚያ ፎይሉ ራሱ ዝግ ቀለበት ይሆንብሃል። እጀታው ፒቪሲ ይሁን። ኮይሉ አጠገብ ብሎን አይድረስ።

እኔ በደህና ሽቦ እንደገና የጠቀለልኩት ኮይል ይኸው እስካሁን ይሠራል። ሰፈራችን የተቀበረ የውሃ ቧንቧ መስመሩ ሲጠፋ ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ባለ ዲግሪው ጎረቤቴ ሳይቀር ቆሞ ያያል።

3. ፈቃድ። እዚህ ላይ ሆዴ ቆስሏል። ሕጋዊ ልሁን ብዬ፣ ምን ይፈቀዳል ምን ይከለከላል ብዬ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በል ያለኝ የለም። መሣሪያዬን እንደ ሌባ ዕቃ አገላበጡት፣ "ደብዳቤ ይዘህ ና" ብለው መለሱኝ። ከማን? መልስ የለም። ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ በእግሩ ሲመጣ እንዲህ ከተደረገ በድብቅ የሚቆፍረውን ማን ይመልሰዋል? ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነው። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፣ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የድሮ መቃብር፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዝር እንዳትል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በ2014 ጦርነቱ በወሎ ምድር አልፏል፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ መሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያንተ ዲቴክተር ብርንና ቦምብን፣ ሚስማርንና ቆርኪን አይለይም፣ ሁሉም ያው ጩኸት ነው። ስለዚህ በጮኸ ቁጥር ዶማ እንዳትሰነዝር። አፈሩን ከጎን በቀስታ አንሳ። የማታውቀው ቅርጽ ብቅ ካለ እጅህን ሰብስብ፣ ምልክት አድርገህ ራቅ፣ ለፖሊስ ንገር። ልጆችንም አታስከትል።

ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት ደላንታ ያሉ ልጆች መሣሪያው ኦፓል ያሳያል ወይ እያሉ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። አያሳይም። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፣ ብረትነት የለውም። አሳያለሁ ብሎ መሣሪያ የሚሸጥላችሁ ካለ እንዳትሰሙት።

ወዳንተ ልመለስ። ጓሮውን ከመንካትህ በፊት እናትህ ወይ አክስትህ ዘንድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጠገራ ብር ካለ ተዋስ። ሰንሰለቱን አውጣው፣ ብሩን ለብቻው አየር ላይ ወደ ኮይሉ አስጠጋ። አንድ ስንዝር ሲቀረው ከጮኸ ደህና ነው። ከዚያ ያንኑ ያህል ጥልቀት ቀብረህ ድምፁን ለምድ። የወሎ ጥቁር ድንጋይ ራሱ አንዳንዴ ያስጮኸዋል፣ ሁለቱን ለይ። ነጠላ ብር በዚህ ኮይል ከስንዝር ብዙም አይርቅም። ማሰሮ ሙሉ ከሆነ ግን ጠለቅ ካለም ይሰማዋል።