«ዘ ሮዝ ታቱ»፦ ከጽጌረዳዋ ይልቅ ሸሚዙን ተከተዪው

ሰላም እህቴ። «የዘ ሮዝ ታቱ ዋና ጭብጥ ሐዘን ነው፣ ጽጌረዳዋም የፍቅር ምልክት ናት ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይህን ቴአትር አንዴ ስንሠራ የመድረክ ዕቃዎቹ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዕቃዎቹ ብነሳ ይቀለኛል።

ላላነበበው ታሪኩን ባጭሩ። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ቴነሲ ዊልያምስ የጻፈው ነው፤ ርዕሱ «የጽጌረዳ ንቅሳት» ማለት ነው። በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ፣ የታየው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሴራፊና ከሲሲሊ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትኖረው በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ ባሕር ዳር ባለች የሲሲሊዎች መንደር ነው። ባሏ ሮዛሪዮ ሙዝ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሙዙ ሥር ኮንትሮባንድ ይደብቃል። በዚሁ ጦስ ይገደላል። ቄሱ እየተቃወሙ ሬሳውን ታስቃጥልና አመዱን ቤቷ ታስቀምጣለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ስናያት ልብስ መልበስ እንኳ ትታለች፤ በውስጥ ቀሚስ ብቻ ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች።

ሐዘን ብትዪ ልክ ነሽ፤ ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። የሴቲቱ ሐዘን ኩራት አለበት። ከባሏ ጋር ያደረችውን ሌሊት ትቆጥራለች፦ 12 ዓመት፣ 4,380 ሌሊት። ቁጥሩን አስቢው! ሰው እንዲህ የሚቆጥረው ሀብቱን ነው። ጎረቤቶቿን ቁልቁል የምታየውም በዚህ ሀብት ነው። ባሏ ሌላ ሴት ነበረችው የሚል ወሬ ሲመጣ ያ ሁሉ ሂሳብ ይናጋል።

አሁን ወደ ሸሚዙ። ሮዛሪዮ ሳይሞት ኤስቴል የምትባል ሴት ጽጌረዳ ቀለም ያለው ሐር ይዛ ትመጣለች፤ ለምትወደው ወንድ ሸሚዝ ስፊልኝ ትላለች። ሴራፊና ትሰፋዋለች። ለባሏ ውሽማ መሆኑ ነው፤ እሷ ምን ታውቃለች? ዓመታት አልፈው ያንኑ ሸሚዝ አልቫሮ ለሚባል ሌላ ሾፌር ታለብሰዋለች። በመጨረሻ ደግሞ የመንደሩ ሴቶች እየተቀባበሉ ወደ እሱ ያደርሱታል። ጽጌረዳዋማ የትም አለች፦ ተነቅሳ በሮዛሪዮ ደረት፣ በኤስቴል ደረት፣ በአልቫሮም ደረት፣ በፀጉር ዘይቱ ሳይቀር። ለሁሉም የሆነች ምልክት ብቻዋን ብዙ አትነግርሽም። ሸሚዙ ግን መንገድ አለው። ማን አዘዘው፣ ማን ሰፋው፣ ማን ለበሰው ብለሽ ብትጠይቂ ክህደቱንም ይቅርታውንም ታገኚበታለሽ።

የአመዱን ማሰሮ በጂፕሰም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሴራፊና የባሏን እውነት ስትሰማ ትሰብረዋለች። በመጀመሪያው ልምምድ ተዋናይዋ ወርውራው ድብ ብሎ ተንከባለለ እንጂ አልተሰበረም። ሳቅ በሳቅ ሆንን። አዘጋጁ ግን አልተቆጣም፤ «ይሄ ቴአትር ሳቅ ይችላል» አለ። እውነቱን ነው፤ አልቫሮ ራሱ የባሏ ቁመና ላይ የቀልደኛ ጭንቅላት የተገጠመለት ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን ስስ አድርጌ ሠራሁት። ተሰበረ፤ አመዱ ቀሚሷ ላይ ቦነነ። ልታራግፈው እጇን ስትዘረጋ አዘጋጁ «ተዪው!» አላት። ያን ትዕይንት አመዱን ተሸክማ ጨረሰችው። ኋላ ላይ አመዱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ተከራክራ ያስቀመጠችው ነገር በቃ የለም።

የቀሩትን በአጭሩ ልበልሽ። ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት የልብስ ማሳያ ምስሎች፣ ሙሽራዋና ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ሮዛንና እናትየዋን ያስታውሱሻል። ሮዛ መርከበኛ ወዳ እናትየው ልብሷን የምትቆልፍባት ያለምክንያት አይደለም። ሴራፊና ግቢ እየገባች የምትረብሸው ፍየል የሥጋ ፍላጎት ናት፤ ከአንድ አረፍተ ነገር በላይ አትስጫት። የማርያም ሐውልት ግን አንድ አንቀጽ ይገባዋል፤ ሴራፊና ምልክት ስጪኝ እያለች የምትለምነው እሱን ነው፣ ስትናደድም ከፊቱ የሚበራውን መብራት እፍ ብላ ታጠፋለች።

ጥቅስ ካስፈለገሽ ከሦስተኛው ገቢር መጨረሻ ውሰጂ፤ ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ከሚሄድበት።